ባቡር አይገባም

በዚያ ጠዋት ሰበታ፣ በሐጂ ከድር የብረት ግቢ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። ባለግቢው ሐጂ ከድር ከበሩ አጠገብ፣ ከትልቁ ሚዛን ጎን ቆመዋል። ብየዳ ሠራተኛው በቀለ መሃል ላይ ነው፤ መሬት ላይ የተጋደመ የብረት ቁም ሣጥን ላይ ጎንበስ ብሎ የኦክስጅኑን ቱቦ ያስተካክላል። የቀድሞው ባቡር ነጂ አቶ ገዛኸኝ ከቡራዩ መጥተው የአሮጌ ሐዲድ ክምር ላይ ተቀምጠዋል። ግራ እግራቸው ስለማይታጠፍ ወደ ፊት ዘርግተውታል። ከሱሉልታ የመጣችው ጫልቱ ፈይሳ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ከሣጥኑ ራስጌ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። እኔ ከግንቡ ሥር፣ ቦርሳዬን በሁለት እጄ ይዤ።

በሣጥኑ በር ላይ በነጭ ቀለም «ነጭ ሜዳ» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ነጭ ሜዳ የጣቢያችን ስም ነበር። ሐጂ ከድር ከምሥራቅ ቆላ በጭነት የመጣ ብረት ገዝተው ሲያራግፉ ነው ያገኙት። ጎረቤቴ ናቸው፤ በወጣትነቴ በረሃ ውስጥ ባቡር ላይ መሥራቴን ያውቃሉ። ቁልፉ የለም፣ ሲነቀንቁት ውስጡ ወረቀት የሚመስል ነገር ይንሸራተታል፣ ልቁረጠው ወይስ እንዳለ ልሽጠው ብለው ጠየቁኝ። አንድ ሳምንት ይስጡኝ አልኳቸው። በሳምንቱ ውስጥ ለጫልቱና ለአቶ ገዛኸኝ ደወልኩ።

ጫልቱ የመጣችው ለአባቷ ስም ነው። አባቷ ኦቦ ፈይሳ የነጭ ሜዳ ጣቢያ ኃላፊ ነበሩ። ሁለት ባቡር የተጋጨው እሳቸው ስልክ ላይ ተኝተው ነው ተብሎ ከሥራ ተባረሩ። ሱሉልታ ተመልሰው ሣር እያጨዱ ኖሩ፣ እዚያው ሞቱ። እሷ «የተኛው ሰውዬ ልጅ» እየተባለች አደገች። የዚያ ቀን መዝገብ ሣጥኑ ውስጥ ካለ አባቷ እንዳልተኙ ያሳያል ብላ ታምናለች። አቶ ገዛኸኝ በዚያ ግጭት እግራቸውን የተጎዱ ሰው ናቸው።

መዝገቡ ላይ ምን እንደተጻፈ ከአምስታችን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስለ መስመሩ ጥቂት ልበል፤ የሚያስታውሰው ሰው እያለቀ ነው። ዛሬ ከሰበታ የሚነሣውን ባቡር ያየ ሰው የእኛን ቢያይ መጫወቻ ይመስለዋል። ሐዲዱ ጠባብ ነበር። አንድ ሰው መሃል ቆሞ እግሩን ከፈት ቢያደርግ ሁለቱንም ብረት ይረግጣል። ከበረሃው ሥር፣ ለማዳበሪያ የሚሆን የማዕድን ጨው ከሚቆፈርበት ቦታ ተነሥቶ ነጭ ሜዳ ድረስ ይመጣል። እዚያ ጨዉ ወደ መኪና ይገለበጣል። ማን እንደጀመረው የሚነገረው ብዙ ነው፤ እኔ የደረስኩት በናፍጣ በሚሠሩ ሁለት ትንንሽ ባቡሮች ዘመን ነው። በእንፋሎት የሚሄደው ቀዳሚያቸው ከጣቢያው ጀርባ ቆሞ ዝገት ይበላዋል፣ ፍየሎች ከሥሩ ይጠለላሉ።

መስመሩ ሁለት ጠላት ነበረው። አንዱ አሸዋ ነው፤ ነፋስ ባመጣው ቁጥር ሠራተኞች መጥረጊያ ይዘው ከባቡሩ ፊት ይሄዳሉ። ሁለተኛው ጨው ነው። ሐዲዱን ከመሬት የሚያያይዘውን ምስማር ከሥር ይበላውና ከላይ ደህና ይመስላል። ስለዚህ ምስማር በዓይን አይፈተሽም፣ በመዶሻ ተመትቶ በድምፁ ነው። ደህናው ይጮኻል፣ የተበላው ዝም ይላል። ባቡሩ ጥሩ ፍጥነት አልነበረውም። የአገሩ ግመል ነጂዎች ከጎኑ እየሄዱ «ገመድ እናስርላችሁ?» እያሉ ይቀልዱብን ነበር።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በጽሕፈት ሥራ የተቀጠርኩት አዲስ አበባ ነው። ነጭ ሜዳ ስልከኛ ሲጠፋ ወንዶቹ በረሃውን አንሄድም አሉ። አበሉ ደህና ስለነበር እሄዳለሁ አልኩ። በዚያ መስመር ላይ ከእኔ በፊት ሴት አልሠራችም። ኦቦ ፈይሳ ከመኪና ስወርድ አይተውኝ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስሜን አልነበረም።

«ድምፅሽ ጥርት ያለ ነው?» አሉኝ።

እንጃ አልኳቸው። ከግቢው ዳር ቆመሽ ስምሽን ንገሪኝ አሉ። ነገርኳቸው። «ዘነበች። እዚህ አገር ጥሩ ስም ነው፣ ዝናብ ባይኖርም» አሉና ወደ ቢሮ ወሰዱኝ።

ቢሮው አንድ ክፍል ነው። አንድ ስልክ፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ የብረት ቁም ሣጥን፣ አንድ ጣውላ። ጣውላው ላይ ሦስት ጉድጓድ ተፈልፍሏል። የግራው ነጭ ሜዳ ነው፣ የቀኙ ማዕድኑ፣ የመሃሉ መስመሩ። አንድ ነጭ ጠጠር ከአንዱ ወደ አንዱ ይዛወራል። በመሃለኛው ጉድጓድ ጠጠር ካለ ሌላ ባቡር ከየትም አይነሣም። የሥራው ሕግ ሁሉ ይኸው ነው።

ኦቦ ፈይሳ በስልክ የሚነጋገሩት ቆመው ነው፣ ኮት ለብሰው፣ በዚያ ሙቀት። ጠዋት ጠዋት የስልኩን መያዣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉታል፤ ጨው ድምፅ ያሻክራል ይላሉ። ከመናገራቸው በፊት አንድ ጉንጭ ውኃ ይጠጣሉ። የተናገሩትን ወዲያ ማዶ ያለው ሰው እንዲደግምላቸው ያደርጋሉ፣ እሱ የተናገረውን እሳቸው ይደግማሉ፣ መጨረሻ ላይ «ልክ» ይባባላሉ። ስቸኩል «ሱታ፣ ሱታ» ይሉኛል፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። መዝገብ ላይ የተሳሳተውን አይሰርዙም፤ ከጎኑ በቀይ እርሳስ ትክክለኛውን ጽፈው ይፈርማሉ።

ከሁሉ የሚያጠብቁት አንድ ቃል ነበር።

«ባቡር ገባ አይባልም» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «ክረምት ይገባል፣ ሌባ ይገባል፣ ሙሽራ ትገባለች። ባቡር ግን ወይ ተነሣ ነው ወይ ደረሰ።»

ምክንያቱን አስረዱኝ። ገባ ያልሽው ሰው ጣቢያ ገባ ብሎ ሊሰማሽ ይችላል፣ መስመር ውስጥ ገባ ብሎም ሊሰማሽ ይችላል። አንዱ መስመሩ ነጻ ነው ማለት ነው፣ ሌላው መስመሩ ተይዟል ማለት ነው። በአንድ ቃል ሁለቱን መናገር ሰው መግደል ነው አሉ። ቃሉን እንዲህ ከመጥላታቸው የተነሣ የሚሉትን መረዳታችንን ሲጠይቁን እንኳ «ገባሽ?» አይሉም፤ «ተረዳሽ?» ነው የሚሉት። የመስመር ሠራተኞቹ ይህን አውቀው ያበሽቋቸዋል። «ኦቦ፣ ገብቶናል» ይሏቸዋል አንድ ላይ። እሳቸው «የት?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ሳይስቁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ቃል ከአፌ አልወጣም። በሦስተኛው ዓመት ወጣ።

ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። አቶ ገዛኸኝ ባዶ ፉርጎዎች ይዘው ከነጭ ሜዳ ወደ ማዕድኑ ተነሥተዋል። ፈቃዱን ኦቦ ፈይሳ ራሳቸው በስልክ ጠይቀው፣ ተደግሞላቸው፣ ልክ ተባብለው ነው። ጠጠሩን ወደ መሃለኛው ጉድጓድ አዛውረው፣ ነፋሱ አሸዋ አምጥቶ ስለነበር ጠራጊዎቹን ሊያዩ ወጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ፈቃድ የሰጠው የማዕድኑ ስልከኛ ወባ ያዘውና እየተንቀጠቀጠ ወደ መኝታው ወሰዱት። በእሱ ቦታ ከዕቃ ግምጃ ቤት አንድ ሰው አስቀመጡ። ፈቃድ መስጠቱን ለዚህ ሰው አልነገረውም። የተጫነው ሁለተኛው ባቡር ደግሞ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል።

ስልኩ ጮኸ። ድምፁ እንግዳ ነበር።

«ባቡሩስ?» አለኝ።

ጣውላውን አየሁ። ጠጠሩ መሃል ላይ ነው። ባቡሩ መስመር ውስጥ ነው።

«ገብቷል» አልኩት።

«እሺ» አለና ዘጋው። አልደገመም፤ እኔም ድገም አላልኩትም። ውኃ አልጠጣሁም፣ አልቆምኩም። ወንበር ላይ ተቀምጬ የወር ሪፖርት እየጻፍኩ ነበር፤ ወደ እሱ ተመለስኩ።

ኦቦ ፈይሳ ሲመለሱ ስልክ ተደውሎ እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ምን ብለሽ መለስሽ አሉኝ። ቃሉን ስናገረው ለራሴ ተሰማኝ። እሳቸው ስልኩን አንሥተው ማዕድኑን ጠሩ። ሰውየው «ጣቢያ ገብቷል ስለተባልኩ የተጫነው ተነሥቷል» አላቸው። መስመር ላይ ያለን ባቡር የምንጠራበት ምንም መሣሪያ አልነበረንም።

ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ አንድ ግመል ነጂ ነበር። ሐዲዱ የጨው ሜዳውን ስለሚዞር መንገዱ ረጅም ነው፤ ግመል ግን በመሃል ያቋርጣል። ኦቦ ፈይሳ ቀዩን ባንዲራ ሰጡትና በጣታቸው አቅጣጫውን አሳዩት። ጊዜ አላባከነም። ያ ሁሉ ቀልድ በዚያ ቀን እውነት ሆነ፤ ግመሉ ባቡሩን ቀደመው። አቶ ገዛኸኝ ባንዲራውን አይተው ብሬክ ያዙ፣ ረዳታቸውንና ፉርጎ ላይ የነበሩትን ሰዎች አስወረዱ። የተጫነው ባቡር ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ነጂው አይቶ ብሬክ ያዘ፣ ነገር ግን ክብደቱ አላቆመውም። አቶ ገዛኸኝ ባቡራቸውን ወደ ኋላ ሊያስኬዱ ሲሞክሩ ቆዩና መጨረሻ ላይ ዘለሉ። ግራ እግራቸው ከፉርጎ ሥር ተያዘ። የሞተ ሰው የለም።

በማግስቱ ሁለት መርማሪዎች ይመጣሉ ተባለ። ሰዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ኦቦ ፈይሳ መዝገቡን ገለጡ። ምን እንደሚጽፉ ሳይ «እኔ ነኝ እኮ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «እኔ ነኝ ብትዪ የሚያባርሩት አንቺን ብቻ አይደለም። ከአንቺ ኋላ የምትመጣውን ሴት ነው። ሴት ነገር ታምታታለች ይላሉ። ሁለተኛ ሴት እዚህ አትቀጠርም።»

እናቴንና ሁለት ታናናሾቼን የማስተዳድረው እኔ እንደነበርኩም ያውቃሉ። እሱን አላነሡም። ጽፈው ፈረሙ። መርማሪዎቹ መዝገቡን አይተው ሣጥኑ ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን ይዘው ሄዱ። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ነቅቶ ይናገራል ብለው ስላላመኑ በደብዳቤያቸው ላይ እንቅልፍ ብለው ጻፉ። ሰው የያዘው እንቅልፉን ነው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ባይጠይቁኝም መናገር እችል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራዬ አጭር ነው። የማዕድኑ ሥራ ሲቀዘቅዝ መስመሩ ተዘጋ። ቡራዩ ወደሚገኝ የዕቃ መጋዘን ተዛወርኩ፤ እዚያ አለቃዬ ጥሩ ሰው ነበር፣ ግን በስልክ ሲያወራ ማስቲካ ያኝካል። መጨረሻ ላይ ሰበታ መጣሁ፤ ከአንድ ፋብሪካ የስልክ ክፍል ጡረታ ወጣሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በስልክ ሠርቼ ገባ የሚለውን ቃል ዳግመኛ አልተናገርኩም። ልጆቼ እንኳ ይስቁብኛል።

ኦቦ ፈይሳን አንድ ጊዜ ሱሉልታ ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ሣር እያጨዱ ነበር። ቤታቸው ድረስ ልመጣ ስል እዚሁ ሜዳው ላይ እንጨዋወት አሉኝ፤ ለምን እንደሆነ የተረዳሁት ኋላ ነው። ልጃቸው ፊት እንዳልናገር ነው። እንደ ድሮው ሥራ ሥራውን ጠየቁኝ። ሌሎች ሴቶች ተቀጥረው እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁለት አሉ አልኳቸው፣ አንዷ እኔ ያስተማርኳት ናት። ማጭዳቸውን በሣር ጠረጉ።

«እንግዲያስ ደርሷል» አሉ።

ያ ንግግር ብዙ ዓመት ይዞኝ ቆየ። እሳቸው ካሉ በቃ ብዬ ተጽናናሁ። ሲሞቱ ለቅሶ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ስለ ስልኩና ስለ እንቅልፉ ሲያወራ ሰማሁ፣ ጫልቱም ሰማች። አቶ ገዛኸኝ ቀብር አልመጡም። እግሬን የሰበረውን ሰው አልሸኝም ብለዋል ተባለ።

ለሁለቱ ለምን እንደደወልኩ አላውቅም ብል ውሸት ነው። እውነቱ እንዲወጣ ፈልጌ ነበር፤ መዝገቡን ጨው በልቶት ቢሆን ብዬም ተመኝቻለሁ። አልበላውም ነበር።

በቀለ ማጠፊያዎቹን ቆርጦ ሲጨርስ ሐጂ ከድር ውኃ አፈሰሱበት። በሩ ወደቀ። መዝገቡ ውስጡ ነበር፣ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኖ። ጫልቱ አነሣችው። ሐጂ ከድር ከሥር ደገፉላት። የመጨረሻውን ገጽ ለማግኘት ጊዜ አልወሰደባትም፤ ከዚያ በኋላ የተጻፈ የለም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

«ለማዕድኑ በስልክ ገብቷል ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ፈይሳ።»

«ይኸው» አሉ አቶ ገዛኸኝ። «በገዛ እጁ። እኔ እኮ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምለው ይህንኑ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ፣ አንቺ ምንም አላደረግሽም። ግን ይኸው።»

ሐጂ ከድር «አላህ ነፍሳቸውን ይማር፣ ቢያንስ አልዋሹም» አሉ። ጫልቱ ገጾቹን ወደ ኋላ መግለጥ ጀመረች። አንድ ገጽ፣ ሌላ ገጽ። ጣቷን በመስመሮቹ ላይ ታስኬዳለች።

እኔ በዚያን ጊዜ ነጻ ነበርኩ። ወረቀቱ ለእኔ መስክሯል። ቦርሳዬን ይዤ ደህና ዋሉ ብዬ መሄድ እችል ነበር፣ ምንም የሚለኝ ሰው አልነበረም።

«ተነሣ» አለች ጫልቱ፣ ለራሷ እንደምታነብ። «ደረሰ። ተነሣ። ደረሰ። ሁሉም እንዲህ ነው።» ቀና አለች። «ጋሼ ገዛኸኝ፣ አባኮ፣ አባቴ፣ ይህን ቃል አይናገርም። ቤት እንኳ ላሞቹ ሲመጡ በረት ደርሰዋል ነው የሚለው። ልጅ ሆነን ገባ ስንል ይቆጣን ነበር። ይህ የእሱ እጅ ነው፣ ቃሉ ግን የእሱ አይደለም።»

አቶ ገዛኸኝ ሰው በደከመ ቀን ብዙ ይናገራል አሏት። እሷ ወደ እሳቸው አልነበረም የምታየው። ወደ እኔ ነበር። የጠየቀችኝ ነገር ግን የለም።

ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩት። ቆሜ ነበር፣ ግን ከግንቡ ራቅ ብዬ እንደገና ቆምኩ። ሐጂ ከድርን ውኃ ይስጡኝ አልኳቸው። አንድ ጉንጭ ጠጣሁ።

«ቃሉ የእኔ ነው» አልኩ። «ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ኦቦ ፈይሳ ውጭ፣ ጠራጊዎቹ ዘንድ ነበሩ። ገብቷል ያልኩት እኔ ነኝ። አልተኙም። እሳቸው የጻፉት እኔን ለማዳን ነው።»

ከዚያ የቀረውን ነገርኳቸው፤ ጠጠሩን፣ ተተኪውን ስልከኛ፣ መርማሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት የተባለውን። ከላይ የጻፍኩትን ማለት ነው፣ ከዚህ ባነሰ ቃል። ስጨርስ አቶ ገዛኸኝ እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያዩት ነበር።

«አንቺ ነሽ?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን?»

«ፈራሁ» አልኳቸው።

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ቆይተው ወደ ጫልቱ ዞሩ።

«ቀብሩ ላይ አልመጣሁም» አሏት። «ሱሉልታ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው? መንገዱን ታሳዪኛለሽ?»

«አሳይዎታለሁ» አለች።

በቀለ ቱቦውን ጠቀለለ። ሐጂ ከድር ሣጥኑን ለሚዛን እንደማያቀርቡት፣ መዝገቡም የጫልቱ እንደሆነ ተናገሩ። እሷ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው። አጠገቤ መጥታ ቆመች። ልታቅፈኝ አልሞከረችም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ሌላ ነገር የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር።

ቦርሳዬን አነሣሁ፣ ሐጂ ከድርንና አቶ ገዛኸኝን ደህና ዋሉ አልኳቸው።

በሩ ጋ ስደርስ ጫልቱ ከኋላዬ ጠራችኝ።

«እትዬ ዘነበች» አለች። «ቤት ሲደርሱ ይደውሉልኝ።»

«ስደርስ እደውላለሁ» አልኳትና ወጣሁ።